ድምፅህን በሬዲዮ የሰማሁ ዕለት

ውዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትህን በትውልድ ቀዬህ በገረሴ፣ ከዘመዶችህ ጋር አስበን ተመለስን። የምዕራብ ዓባያውን የሙዝ ማሳ አሁን የምታየው ልጃችን ምሕረት ናት፤ አንተ ታመህ ሳለ የወደቀውን አጥር አስጠግናዋለች። የእኔ ጉልበት ያው ነው፣ ዳገት አይወድም።

ሰሞኑን የልጅ ልጅህ “አያቴ ሲማረክ አንቺ ምን አደረግሽ?” ብላ ጠየቀችኝ። ለአንተም በቅጡ ሳልነግርህ ቀርቻለሁ።

የአየር ኃይል ኮሎኔል ስለነበርክ መብረር አይጠበቅብህም ነበር። አንድ ወጣት አብራሪ ታመመና በእሱ ፋንታ ተነሣህ። አውሮፕላንህ ከግንባሩ ማዶ ተመታ። በጃንጥላ መውረድህን ያየ ወገን ስላልነበረ፣ መኮንኖች አርባ ምንጭ ድረስ መጥተው መርዶህን አረዱኝ። ድንኳን ተተከለ፤ ጥቁር ለበስኩ።

ከወራት በኋላ ጎረቤታችን እትዬ አበበች በጓሮ በር ገብታ እጄን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ባሏ የተከለከለውን የአማፅያኑን ሬዲዮ ድምፁን ቀንሶ ያዳምጣል። ምርኮኞች ተራ በተራ ይናገራሉ። ከዚያ አንተ መጣህ። ስምህንና ማዕረግህን ተናገርክ፤ “ደህና ነኝ” አልክ። ጉንፋን እንደያዘህ ከድምፅህ ለየሁ።

ያን ሬዲዮ ሰማሁ ማለት ጎረቤቶቼን ማሳሰር ነው። ጥቁሬን ግን በማግስቱ አወለቅሁ። ሰፈሩ “ባሏ ዓመት ሳይሞላው ሌላ ወንድ ያዘች” አለ። ወንድሜ እንኳ ቤቴን መርገጥ ተወ። ገረሴ ወጥቼ ለእናትህ ብቻ ነገርኳቸው። ከእንሰቱ መሃል ቀና አሉና፣

“እሰይ ልጄ! እኔ ግን አላወልቅም። ሁለታችንም ካወለቅን ይነቁብናል” አሉኝ።

ልጃቸው በሕይወት መኖሩን እያወቁ፣ እስክትመለስ ድረስ ጥቁር ለብሰው ቆዩ።

ከምርኮ ተፈተህ፣ ከስተህ፣ እያነከስክ ገባህ። ከሁሉ ቀድመው ሊጠይቁህ የመጡት ያሙኝ ሴቶች ነበሩ። አንተ የጠየቅኸኝ ስለዚያ ስለታመመው አብራሪ ነው። “በሕይወት አለ፤ ሊጠይቀኝም መጥቶ ነበር” ስልህ ተቀምጠህ አለቀስክ።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጅህ ነገርኳት። ጀግና አድርጌ አላስጌጥኩህም። አውሮፕላን በቤታችን ላይ ሲያልፍ ንግግርህን አቋርጠህ እስኪርቅ ትጠብቅ እንደነበርም ነገርኳት። አሁን እኔም ሲያልፍ ዝም እላለሁ። በዚህ ቤት ስምህን የሚያነሣ አይጠፋም፤ እስካለሁ እኔ፣ ከእኔ በኋላ እሷ።

ባለቤትህ