የተጣሉት ባለ ቀዳዳ ድንጋዮች

ሰኞ፣ የካቲት 9፣ ጠዋት
ጋዝ ከመሬት በታች ቢቀበር ተመልሶ አይወጣም ወይ? ዛሬ ደግሞ አባባ ጠየቁኝ። አይወጣም! ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በውኃ ሟሙቶ ባለ ቀዳዳው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ይገባል። ቀስ በቀስ ራሱ ድንጋይ ይሆናል። ከላይ ያለው ድፍን አለት ይከድነዋል። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስረዳሁ። «እንግዲህ እግዜር ይርዳሽ» ብለው ወደ ቅዳሴ ሄዱ።
ዓርብ ጥናቴን አቀርባለሁ። ካለፍሁ ላቦራቶሪው ለአንድ ዓመት የእኔ ነው። ከወደቅሁ፣ ሥራ ፈት ምሩቅ።

10 ሰዓት
ማስታወሻዬ፣ ልፈነዳ ነው! ከመሸንቲ የድንጋይ ካባ ለቅሜ ያመጣኋቸው ባለ ቀዳዳዎቹ ናሙናዎች የሉም። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጋሽ አያልነህ ድሮ ግንበኛ ነበሩ። አብረው ከመጡት ድፍን ድፍኑን አጥበው ደርድረውልኛል።
«መረጥሁልሽ ልጄ! ያ እኮ ምስጥ የበላው ነው። ለአጥር እንኳ አይሆን።»
የት አደረሱት? ለጽዳት ሠራተኞች። ለተረከዝ መፈግፈጊያ!

ማክሰኞ
ቤት ለቤት ዞርሁ። አራት አገኘሁ። ቀዳዳው ሁሉ ሳሙና ጠጥቷል። ለምርመራ አይሆንም። ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷ፣ እትዬ ጥሩዬ፣ ደግሞ ይስቃሉ፦ «ተረከዜን ብታይው የሕፃን ጉንጭ ሆኗል!» ሳቄ መጣ። ከዚያ እንባዬ።
የራሴም ጥፋት አለ። ሳጥኑ ላይ «አይነካ» ብዬ አልጻፍሁም። ማን ድንጋይ ይነካል ብዬ!

ረቡዕ
ለክፍል ኃላፊው ነገርሁ። ድፍኖቹን አቅርቢ አለኝ። «ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ ገምጋሚ ጎንበስ ብሎ አያይ።» ደሜ ፈላ። ድፍኑ እኮ ክዳኑ ነው! ክዳን ይዤ ድስት አለኝ ልበል? እንደዚያ ብዬ ጮኽሁበት። በመጨረሻ አንድ ሳምንት ጨመረልኝ። አንዲት ቀን አትበልጥም አለ።

ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡30
ወስኛለሁ። አልዋሽም። እንደገና እለቅማለሁ። ጋሽ አያልነህ ሰምተው መሮአቸውን ይዘው መጡ፤ ካልሄድሁ አሉ። እንዳኮረፍሁ እሺ አልሁ። ለክፍል ጓደኞቼ የምልከው ይኸው፦
«ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት፣ መሸንቲ መኪና መሳፈሪያ። መዶሻ ያላችሁ ያዙ። ጋሽ አያልነህም አሉ፤ እሳቸው የሚጥሉትን ድንጋይ ሁሉ አንሡልኝ። ማን ማን ትመጣላችሁ? አሁኑኑ መልሱ።»