ለሌለብኝ በሽታ የተሰጠች ጊደር

ውድ ልጄ የኔነህ፣

ዋሽተህብኛል። ባልያዘኝ በሽታ ስሜን አስጠርተህ፣ በቁሜ አገር ሲያለቅስልኝ ከርሟል። ሌላ ሰው ቢያደርገው ጠላት ነው ብዬ እተወው ነበር። ያደረግኸው ግን አንተ ነህ።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ስብሰባ ላይ ነኝ ትለኛለህ፤ አለዚያ መስመሩ ይቋረጣል፤ አለዚያ አንተ ታቋርጠዋለህ። ስለዚህ እጽፋለሁ። ፊደል የለየሁት ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው፣ አስተማሪ አልነበረኝም። ቢሆንም ያላነበብሁትን ወረቀት ፈርሜ አላውቅም። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት የሰጡኝንም፣ አንተ ዝም ብለው ይፈርሙ እያልኸኝ፣ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አንብቤ ነው የፈረምሁት። ያልገባኝን ጠየቅሁ፤ ሐኪሙም ሳይሰለች መለሰልኝ። ከጨጓራዬ ትልቁን ክፍል ቆርጦ እንደሚያወጣው፣ የሚቀረው እንደ ሙዝ ቀጭን እንደሚሆን፣ የስኳር በሽታዬ ሊረጋ እንደሚችልና ላይረጋም እንደሚችል፣ በእኔ ዕድሜ ከዚያ ክፍል አለመውጣትም እንዳለ ነገረኝ። አውቄ ገባሁ። የማፍርበት ነገር ስላልነበረኝ ማንም እንዲዋሽልኝ አልለመንሁም።

ለምን እንደገባሁ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ወጣት ሳለሁ የሞላ ጆንያ ከጋሪ ብቻዬን አወርድ ነበር። የሩዝ መፈልፈያውን ከተከልሁ በኋላ ሌሎች ይሸከሙልኝ ጀመር፤ እኔ ወንበር ላይ ዋልሁ። ስኳር መጣ። ጉልበቴ ከዳኝ። ከተጋደምሁ ትንፋሼ ስለሚቆም ግድግዳ ተደግፌ ነበር የማድረው። ሩዙንም ሥጋውንም ትቼ አይቻለሁ። ወንዛዬ ወርጄ ፍል ውኃ ውስጥ ተነክሬ ከርሜያለሁ። ትንሽ እቀንስና ተመልሶ ይመጣል። ይህን ሁሉ አይተህ ነው ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን የወሰድኸኝ። ለዚያ አመሰግንሃለሁ። ምስጋናዬ በዚህ ደብዳቤ አይቀነስም።

እኔ እዚያ ተኝቼ ሳለሁ አንተ መፈልፈያውን ልትከፍት ወረታ መጣህ። ሰው አባትህ ምን ሆነው ነው ብሎ ጠየቀህ። እውነቱን መናገር አፈርህ። ካንሰር ነው አልህ።

ስመለስ ይህን አላወቅሁም። ያየሁት የሰዉን ደግነት ብቻ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ወርደው ክንዴን ይዘው ያሳፍሩኛል። በመንገድ የሚያገኘኝ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዴት አደሩ ይለኛል። የሚካኤል ማኅበርተኞች የድግስ ተራዬን አለፉኝ፤ እርስዎ አይድከሙ አሉኝ። ዲያቆኑ ሳልጠይቀው ጠበል ይዞልኝ ይመጣል። በእኛ አገር የዚያን በሽታ ስም ከታማሚው ፊት የሚጠራ የለም። ስለዚህ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም የማስተካክለው ነገር አልነበረኝም። እውነቱን ልንገርህ፣ ስለ ቀዶ ጥገናው አውቀው የሚያዝኑልኝ መስሎኝ፣ ወረታ እንዲህ ያለ ልብ እንዳላት ሳላውቅ ኖርሁ ብዬ ነበር።

ከሁሉም በላይ የምትመጣው የሟቹ ጓደኛዬ የገበያው ሚስት ጸሐይነሽ ነበረች። ከቁሐር ሚካኤል በእግሯ ትመጣለች፣ በዚያ ክረምት፣ ሜዳው ውኃ ተኝቶበት። የተልባ ውኃ በጠርሙስ ይዛ ትመጣለች፤ ይህ ሳይቆረቁር ይወርዳል ትለኛለች። አንድ ቀን ምሳ አቅርባልኝ ጥቂት ጎርሼ ገበታውን ገፋ አደረግሁት። ይበቃኛል፣ ከዚህ በላይ አይገባልኝም አልኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ሴት ወይዘሮ ልቧ ቅርብ ነው ብዬ አለፍሁት። ገበያው እንዴት እንደሞተ አንተም ታውቃለህ፤ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነህ። ያ በሽታ ጨጓራው ላይ ወጥቶበት፣ መጨረሻ ላይ ውኃ እንኳ አልወርድለት ብሎ፣ እንደ እንጨት ደርቆ ነው የሄደው። እኔ ከአልጋው አጠገብ ነበርሁ። እሷ እኔን ባየች ቁጥር እሱን ታይ እንደነበር እንዴት ልወቅ።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ወዳጄ ካሴ ወደ መፈልፈያው መጣ። ካሴ እንደምታውቀው ነገር መያዝ አይችልም። ስለ ሩዙ እርጥበት ሲያወራ ቆየና፣ ነገ ቁሐር መውጣት አለብህ አለኝ። ለምን አልሁት። ጸሐይነሽ ስለ አንተ የተሳለችውን ልታስገባ ነው፤ ያቺን ጊደሯን፤ አንተ ከዚያ በሽታ ተነሥተህ በእግርህ ስትሄድ አየችሃ አለኝ።

«ከየትኛው በሽታ?» አልሁት።

ካሴ ዓይኔን ማየት አቃተው። «ኧረ ተወው ወንድሜ፣ የኔነህ ነግሮናል። እስከ ዛሬ ያላነሣንብህ እንዳይከፋህ ብለን ነው» አለኝ።

ያን ማታ የደወልሁልህን አትረሳውም። አልካድህም፤ እሱን እመሰክርልሃለሁ። «አባዬ፣ እውነቱን ብነግራቸው ይስቁብዎት ነበር። ቢሮአችን አንዲት ሴት ይህንኑ አሠርታ ስንቱን ሰማች። ሰነፍ ነች፣ ሆዷን መግታት አቅቷት ነው፣ ለውበት ብላ ነው ይሏታል። ካንሰር ሲባል ግን ሰው ያዝናል» አልኸኝ። የገበያውን በሽታ ነው ያለበስኸኝ አልሁህ። ጸሐይነሽ ያለቻት ጊደር አንድ መሆኗን ስነግርህ ደግሞ፣ ጊደር እኔ እገዛላቸዋለሁ፣ እርስዎ ብቻ ዝም ይበሉ፣ ነገሩ በጊዜ ይረሳል አልኸኝ። ከዋሸኸው ውሸት ይልቅ ይህኛው ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

በጠዋት ቤቷ ሄጄ ለብቻዋ ልነግራት ብዬ ተነሣሁ። ስደርስ ደጇ ተዘግቷል፤ ጊደሯን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጥታለች። እንደ ደመራ ቀን ያለ ሰው ነበር። ቅዳሴው አልቆ ቄስ አመሉ ከደጀ ሰላሙ ፊት ቆመው የስለቱን ይናገራሉ፤ ጃንጥላ ያመጣ፣ መጋረጃ ያመጣ፣ በግ ያመጣ። የእሷ ተራ ደረሰ። ጊደሯ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ገና ኮርማ ያልደረሰባት፣ ያማረች ነበረች። ጸሐይነሽ ገመዱን ይዛ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ቄሱ ስሜን ጠርተው፣ ከማይድን በሽታ አድኖ በእግሩ ያቆመው መልአክ ክብር ይግባው አሉ። እልልታው ቀለጠ። ከበሩ አጠገብ ያዩኝ ደግሞ ይኸው ራሱ መጥቷል ብለው አዲስ እልልታ አስነሡ። አንዲት የማላውቃት ሴት ትከሻዬን ሳመችው።

ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ የአገር ምስክር ሆኜ እኖር ነበር። ያንተም ስም ንጹሕ ይሆን ነበር። ጊደሯ ግን በውሸት ትገባ ነበር፤ ያቺም ሴት በየደረሰችበት ያልሆነ ተአምር ስታወራ ትኖር ነበር።

«አባ፣ እልልታውን ያቁሙልኝ» አልሁ። አቆሙ። «እኔን ካንሰር ይዞኝ አያውቅም። ወፍሬ፣ ስኳር ይዞኝ፣ ትንፋሼ እያጠረ ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ በሐኪም ጨጓራዬን አስቆርጬ ነው የከሳሁት። ካንሰር ነው ብሎ የዋሸው ልጄ የኔነህ ነው።»

አዎ፣ ስምህን ጠርቻለሁ። የራሴንም ጠርቻለሁ።

መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም። ከዚያ አንዱ ከኋላ፣ እኛ የምንበላው አጥተን እሱ መብያውን ያስቆርጣል አለ። ሌላው ጎረምሳ፣ «የተቆረጠውን ምነው ለእኔ ባመጡልኝ ጋሼ፣ የኔ ጠባብ ናት» ብሎ ሰዉን አሳቀው። በሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ ከእንግዲህ የእሱ ጾም ምን ጾም ነው፣ ሆድ የለው ብሎ ወደ ቄሱ ዞረ። እሱን ብቻ መለስሁለት። «ሆድ አለኝ፤ ትንሽ ነው። ይርበኛል» አልሁት።

ጸሐይነሽ አልሳቀችም። ጊደሯን ጎትታ ፊቴ ድረስ መጣች።

«የገበያው በሽታ አልነበረብዎትም?»

«አልነበረብኝም።»

«ያ ሁሉ አልበላም ሲሉኝ?»

«ሐኪም የተወልኝ ቦታ ትንሽ ስለሆነ ነው እንጂ ታምሜ አይደለም።»

 «እኔ ገበያውን ሁለተኛ ጊዜ ሳስታምም ነው የከረምሁ» አለች።

ቄስ አመሉ ደግ ሰው ናቸው፤ በሽታው ከሌለ ስለቱም አልያዘሽም፣ ጊደርሽን ይዘሽ ግቢ አሏት። እንቢ አለች። «ለሚካኤል ነው ያልሁ፣ ለበሽታው አይደለም» ብላ ገመዱን በእጇ ከአጥሩ እንጨት ላይ አሰረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እንዲተርፉ ነበር የለመንሁ። ተርፈዋል። ከዛሬ በኋላ ግን ደጄ እንዳይመጡ» አለችኝ። ነጠላዋን አስተካክላ፣ የሩዙን ማሳ ዳር ዳሩን ይዛ፣ ባዶ እጇን ሄደች።

ከቤቴ አንዲት ጊደር ነድቼ ደጇ አሰርሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሳ ከመፈልፈያው በር አሰረቻት። በሰው ፊት አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። ካሴን ሽማግሌ ላክሁ፤ እሱንም ውኃ አጠጥታ ሸኘችው እንጂ አልሰማችውም። አልፈረድሁባትም። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር።

ከተማው አሁን ይስቃል። አንተ የፈራኸው ሁሉ ደርሷል። ልጆቹ ግማሽ ሆድ ይሉኛል። ሰርግ ላይ የፊቴን ገበታ ያያሉ፤ ጥቂት ስበላ ይኸው ገንዘቡን አፍስሶ ረሃብ ገዛ ይላሉ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ስጎርስ ደግሞ ታዲያ ምን ተቆረጠለት ይላሉ። በአቋራጭ ከሳ የሚሉም አሉ። አቋራጩን ቢያዩት ደስ ባለኝ። ቸኩዬ ከዋጥሁ ያስመልሰኛል። ጠጉሬ ረግፏል። ኪኒኑን እስክሞት አልተወውም። ትናንት ክንዴን ይዘው ያሳፈሩኝ ነጂዎች ዛሬ ጡሩምባ እየነፉ ያልፉኛል። ካሴ ራሱ፣ ቢዋሽልህስ ምን ነበረበት፣ ተከብረህ ትኖር ነበር አለኝ። ደክሞኛል፣ የኔነህ። ከሳቁ ይልቅ እየደጋገሙ ማስረዳቱ ነው የሚያደክመው።

ግን አንድ ሰው መጣ። እየሩስ የምትባለው መምህርት፣ ከሌላ ዞን ተዛውራ የመጣችው፣ ከባድ ሰውነት ያላት። ተማሪዎቹ ምን እንደሚሏት ሰምተሃል። በሩን ዝጉልኝ አለችኝና ሁሉንም ጠየቀችኝ። ክፉውንም ደጉንም ሳልደብቅ ነገርኋት። ተጋድሜ እንደምተኛም ነገርኋት። ልትወጣ ስትል፣ እኔ ባደርገው ለሰው ምን እላለሁ አለችኝ።

«ብትፈልጊ ንገሪ፣ ባትፈልጊ ዝም በይ። የሚሞት ሰው በሽታ ግን አትዋሺ» አልኋት።

አሁን ያንተ ነገር። የተዘጋው መንገድ በተከፈተ ቀን ትመጣለህ። ስትመጣ ወደ እኔ አትምጣ። መጀመሪያ ቁሐር ሂድ። ጸሐይነሽ ካላስገባችህ ከአጥሩ ውጭ ቁም። ጊደር ይዘህ አትሂድ፣ ሽማግሌም ይዘህ አትሂድ፤ አፍህን ብቻ ይዘህ ሂድ። አባቴ ካንሰር ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ በላት። ለምን ብትልህ፣ አፍሬ ነው በላት፤ ሌላ ምክንያት አትፈልግ። ብትሰድብህ ቁመህ ስማ። ዝም ብትልህም ቁመህ ስማ። ምን እንዳለችህ ግን ለእኔ አትንገረኝ፤ የእናንተ ነው።

ከዚያ ቤት ና። ቤቱ የአባትህ ነው፣ ማንም አይከለክልህም። ስለ ዘንድሮው ሩዝ እናወራለን፤ ሞተሩ እየተንተባተበ ነው፣ እሱን ታይልኛለህ። የዚህን ነገር ግን ዛሬ በዚህ ወረቀት ጨርሼዋለሁ። ከአንተም፣ ከካሴም፣ ከማንም ጋር አላነሣውም። ይቅርታ ልትለኝም ብለህ ብታነሣብኝ፣ ምሳ ላይም ብንሆን ተነሥቼ እወጣለሁ።

አባትህ ይርዳው
ወረታ