የአከራይዋ ትርጉም

ዓርብ፣ የካቲት 19 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሐርጌሳ

የኮሜዲያችን የመጀመሪያ ክፍል ዛሬ አለቀ! አብረውኝ የሚጽፉት የመቀሌው ሀፍቶምና የጎንደሩ ሙሉቀን አገር ቤት ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ተኳርፈዋል። ዳሚ፣ ሁልጊዜ፣ እኔ ቤት ይመጣሉ፤ ግን «ሰብሊ፣ ቀልዱን ያሳጥር በይው» እያሉ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። ሰለቸኝና ይህንኑ ጽፌ አነበብኩላቸው፦ ሁለት የተኳረፉ ተከራዮች በሶማሊዋ አከራያቸው በኩል ይነጋገራሉ። ሀፍቶም እናቱ ያሉበት ገጠር ስልክ ተቋርጦ ድምፃቸውን ከሰማ ሦስት ወር አልፎታልና ተቀየመኝ ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ግን «አከራይዋ አማርኛው ይጥፋባት፤ ስድቡን ምርቃት አድርጋ ታድርሰው» አለ። ሙሉቀን ሳቁ አመለጠው። «እና አንተ ምን ብለህ ትመልሳለህ?» አለው፣ ፊት ለፊት እያየው።

«አሜን!»

ሦስታችንም በሳቅ ፍርስ አልን። ከዚያ በኋላ እየተነጣጠቁ ሲያወሩ እጄ ጽፎ አልደርስባቸው አለ።

ሲወጡ ሙሉቀን «ስልኩ ተከፍቶ እማማን ካገኘሃቸው መጀመሪያ ለእኔ ደውል» ሲለው ሰማሁ።