ባትሪው ሳያልቅ ያጠፋሁት ስልክ

ለእታለም ዙበይዳ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንችና በቤትሽ ላይ ይውረድ። ጤናሽ እንዴት ነው? የጉልበትሽ ሕመም በዚህ ብርድ አልባሰብሽም? የአብየስ ዓይን እንዴት ሆነ? ልጆቹስ? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ፍየሎቹም ደኅና ናቸው። ደኅና ያልሆነው ሌላ ነገር ነው። በስልክ ልነግርሽ ስንቴ ጀምሬ አፌ ስለተያዘ ወረቀት አነሳሁ።

እኔ ያለሁበት በረሃ መብራት እንደሌለው ታውቂያለሽ። ስልክ የምንሞላው ሐሙስ ሐሙስ አሠሪዬ ውሃ ጭኖ ሲመጣ፣ ከመኪናው ላይ ሰክተን ነው። የአገራችን ልጅ ኑርሁሴን ከእኔ ግማሽ ሰዓት በሚያስኬድ የአትክልት እርሻ ነው የሚሠራ። ስልኩ ከተበላሸበት ወዲህ የእናቱ የእማ ፋጤ ጥሪ የሚመጣው በእኔ ስልክ ነበር። የእኔም ባትሪ አርጅቶ ከሁለት ቀን አላልፍ ስላለኝ ልቀይረው አሐድ ከተማ ገበያ ወረድኩ።

የመናዊው ባለሱቅ ሁለት ባትሪ አወጣልኝ። አንዱ እንደ ድሮው ስስ ነው። ሌላው ወፍራም፣ የራሱ የጀርባ ክዳን ያለው፣ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት። ሰውየው ሁለቱንም መዳፌ ላይ አስቀምጦ፣ ወፍራሙ እንዴት እንደቀለለ እየው፣ ቁጥር ማንም ይጽፋል፣ ስሱን ውሰድ አለኝ። የተሻለውን ለሌላ ሰው ሊያስቀር ነው ብዬ ጠረጠርኩት። ኸላስ፣ ትልቁን ስጠኝ አልኩት።

ስመለስ እርሻው ድረስ ሄጄ፣ ሳምንት ሙሉ የሚቆይ ባትሪ ገዛሁ ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ከኑርሁሴን ጋር የሚሠራው ጌታሁን ሳቀብኝ። እስከ ሐሙስ ከቆየ ፍየሎችህን አንድ ቀን እኔ እጠብቅልሃለሁ አለ። ማክሰኞ ሲመሽ ባየው ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። ሐሙስ ጌታሁን በርቶ እንዲያየው ብዬ ረቡዕን ሙሉ አጠፋሁት።

ያችን ረቡዕ አንች ታውቂያታለሽ። እማ ፋጤ በጠና ታመው፣ ከልጄ ጋር አውፍ፣ ይቅር ሳንባባል አልሙት ብለው ከጧት እስከ አሥር ሰዓት የደወልሽላቸው አንች ነሽ። ኑርሁሴን በዚያ ሰዓት ሽንኩርት እየኮተኮተ ነበር። ስልኩን ይዤ ብሮጥ ድምፁን ይሰሙት ነበር።

ሐሙስ ስከፍተው የሞታቸው መልእክት ገባ። ምን ሆነህ ነው ስትይኝ ኔትወርክ አልነበረም አልኩሽ። አንችም አምነሽኝ ለቅሶ ቤት ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ያንኑ ተናገርሽ። እኔ የዋሸሁትን ውሸት አንችን በሐዘንተኛ ፊት አናገርኩሽ። ኔትወርክ ነበረ፣ እታለም። ባትሪም ነበረ።

ኑርሁሴንማ የአላህ ቀደር ነው፣ አንተ ምን ታደርግ ብሎ እኔኑ አጽናናኝ። ጌታሁንም ስልኩ በርቶ ስላየው ቃሉን አከበረ፤ እኔ ኑርሁሴን ዘንድ ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ፍየሎቼን ጠበቀልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሁለቱንም ዓይን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ለኑርሁሴን እውነቱን ልነግረው ሦስት ጊዜ እርሻው ድረስ ሄጃለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ፍየል አውርቼ ተመለስኩ።

አሁን የመውጫ ወረቀቱ አልቆለት የፊታችን እሑድ ወደ አገር ይገባል። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽም ራሱ ነው። ፖስታው አልታሸገም፣ መንገድ ላይ አንብበው ብዬ ብነግረው፣ የእህትና የወንድም ጉዳይ እኔ ምን አገባኝ አለኝ።

የአብየን ጉልበት ሳሚልኝ። ሱሀይላን ትምህርቷን እንዳትተው ንገሪያት። ለሶፊያና ለልጇ ሰላም በይልኝ። ወደ እማ ፋጤ ቤት ግን ሰላምታ የምልክበት አፍ የለኝም። ኑርሁሴን ይህን ሰጥቶሽ ሊሄድ ሲነሳ አስቀምጭውና ከላይ ጀምረሽ አንብቢለት።

ወንድምሽ ሐሚድ
አሐድ አል-መሳርሐ፣ ጂዛን
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.