ዋንዛችንን ሰጠሁት

የአስቴር እናት ሆይ፣

ከተለየሽኝ ሦስት የቡና ለቀማ አለፈ። እኔ አለሁ። ጉልበቴን ቢያመኝም ቁልቁለቱን ያለ ምርኩዝ እወርዳለሁ። ይህን የምትጽፍልኝ ልጅሽ አስቴር ናት። የመሠረተ ትምህርት ሰዎች እኔንም ሊያስተምሩ መጥተው ነበር፤ እጄ ለዶማ እንጂ ለእርሳስ አልተፈጠረም ብዬ መለስኳቸው።

አንቺ የምታውቂው ሰማይ የለም። የበልጉ ዝናብ ደጋግሞ አታለለን። አንድ ቀን ያካፋል፣ ቡናው አምኖት አበባ ያወጣል፣ ከዚያ ፀሐይ ትለበልበዋለች። እንሰቱ ባይኖር ምን እንበላ ነበር? ጉሬዛዎቹም ከጫካ ወርደው ጓሯችንን ለመዱ። አንቺ ብትኖሪ በጩኸት ታባርሪያቸው ነበር። እኔ ተውኳቸው፤ ከተጠማ ጋር ምን እጣላለሁ።

ምንጮቹ ደረቁ። የቀረው ዕድሜሽን ሙሉ እንስራ ያዘልሽበት፣ ከሶንጎው በታች ያለው ብቻ ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠን የተጣላ የምናስታርቅበት፣ አባቶቻችን መጥረቢያ ያላስነኩት የሶንጎው ጫካ ጥላ ሆኖት ነው የተረፈው።

ዘንድሮ ደግሞ መንደር ምሥረታ መጣ። ቤታችሁን አፍርሳችሁ ሜዳው ላይ በመስመር ሥሩ ተባልን። አምና ከዲላ የመጡ የደን ሰዎች ቅርንጫፍ የነካ ይታሰራል ብለውን ነበር። አሁን እንጨት ሲያጥር የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ያ በልጅነቱ ከጓሮሽ ሸንኮራ ሲሰርቅ ይዘሽ የገረፍሽው፣ ስብሰባ ጠርቶ ሶንጎው ይቆረጥ አለ። ተነሣሁ። ጫካው ከሄደ ምንጩ ይሞታል፣ የእኔን ዋንዛ ውሰዱ አልኩ።

አዎ፣ ዋንዛችንን። በተጋባን ዓመት አብረን የተከልነውን፣ ለሁለታችንም የሬሳ ሣጥን ይሆናል ያልሽውን። ያንቺ ቀን ሲደርስ አበባ ይዞ ንብ ሞልቶት ነበር፤ አትቁረጡት ብለሽ በሰሌን ተቀበርሽ።

«ጓድ አባባ፣ ዛፍ እኮ የመንግሥት ነው፤ የሌለዎትን ነው የሚሰጡን?» አለኝ ሊቀመንበሩ። «መንግሥት ውሃ ሲያጠጣው አላየሁትም» አልኩት። ሰዉ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። አስቴር ሊያስሩህ ነው ብላ እጄን ጎተተች። ያኔ ጎረቤታችን ጅግሶ ብድግ ብሎ የእኔንም የብርብራ ዛፍ ጨምሩ አለ። ከእሱ ኋላ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። ሊቀመንበሩ እንጨቱ እንደሞላለት ሲያይ ሶንጎውን ተወው። ለዘንድሮ ብቻ ነው ብሏል። የከርሞውን ከርሞ እንነጋገራለን።

ዋንዛው ሲወድቅ ቆሜ አየሁት። የማን ቤት ምሰሶ እንደሆነ አልጠየቅሁም። አለቀስክ ትለኛለች አስቴር፤ ያንን አትጻፊ ብያታለሁ።

ቤታችንንም አፈረስን። አሁን በመስመር ከቆሙት ጎጆዎች በአንዱ እተኛለሁ። ስነቃ እጄ አሁንም ወደ ግድግዳው በኩል፣ ወደ አንቺ ቦታ ይሄዳል።

ሣጥን የለኝም እንግዲህ። ለእኔም ሰሌን ይበቃኛል፣ ጠጋ በይልኝ። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ወደ ምንጩ እወርዳለሁ። በመዳፌ ስጠጣ መጀመሪያ ስምሽን እጠራለሁ። ውሃው እስካለ ድረስ ስምሽ ይጠራል። ውሃውን ደግሞ ለማንም አልሰጥም።

ባልሽ