ዳኛው ኤርፎን አድርገው ሳሉ የተባለው

ለተከበሩ አቶ ሕዝቅያስ
የሰፈራችን መረዳጃ እድር ዳኛ
ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በእድሩ ዕቃ ቤት በረንዳ ላይ ተከብሮ የሚኖረው ሞንታርቦዎ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። በእርግጥ የሞንታርቦውን ደህንነት መጠየቅ አላስፈለገኝም ነበር፤ ዛሬም ገና ጎህ ሳይቀድ ድምፁን ሰምቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ጉሮሮውን እንኳ አላመመውም።

እኔ በጎረቤቴ ቀብር ባለመገኘቴ ተከስሼ፣ በመጪው እሑድ ከእድሩ ስሜ ሊሰረዝ ቀን የተቆረጠልኝ በኃይሉ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ የለጠፍኩትና በሰፈሩ ቴሌግራም ያሰራጨሁት እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎ። ባለፈው እሑድ በስብሰባችን ላይ ብዙ ነገር ተነግሯል፤ ያን ሁሉ ነገር ከተሰብሳቢው መካከል ያልሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። የጎደለዎትን መሙላት ደግሞ የአንድ ጨዋ አባል ግዴታ ነው። ከዚያ በፊት ግን ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በተራ ቁጥር ልክፈል።

፩. ሙዚቃ አፍቃሪ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ቀድሞ እኔ ሙዚቃ የምሰማው እንደ ማንኛውም ሰው፣ ከራዲዮ፣ ድንች እየላጥኩ ነበር። አቶ ሙባረክ ለፋፊያችን ሳሉ ሞት የሚነገረን በራችን ተደብድቦ ነው፤ ቆርቆሮው እስኪከፈትላቸው ይመቱታል፣ የሟቹን ስም ይናገራሉ፣ የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ፣ “ሰምተሃል?” ብለው ዓይናችንን አይተው ወደሚቀጥለው በር ያልፋሉ። እርስዎ ይህ ለከተማችን አይመጥንም ብለው አቶ ሙባረክን አሰናበቱና ሞንታርቦ አስገዙን። ሆኖም በሰፈራችን ሰው በየቀኑ ስለማይሞት ሞንታርቦው ሥራ ፈታ። ሥራ ፈትቶ እንዳይባልግም የእህትዎን ልጅ የሶፋ መሸጫ ከማለዳ ጀምሮ እንዲያስተዋውቅ ፈቀዱለት። ከዚያ ወዲህ የተማሪዎቼን የስታቲስቲክስ ፈተና የማርመው “ኤል ሼፕ! ኤል ሼፕ ሶፋ! ሳያልቅ ይምጡ!” እየተባልኩ ነው። አንድ ተማሪ ያላገኘውን ውጤት ሰጥቼው፣ ለምን እንደሰጠሁት ስመረምር፣ ማስታወቂያው ቅናሽ ብሎ የተናገረውን ቁጥር ጽፌለት አገኘሁት።

ጥጥ ሞከርኩ፤ ሶፋው በጥጡ ውስጥ አልፎ መጣ። ትራስ ሞከርኩ፤ በትራስ ውስጥ ማረም አይቻልም። ኤርፎን እንድገዛ ያደረጉኝ እንግዲህ እርስዎ ነዎት።

፪. ኤርፎን መምረጥ ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ ከመንገድ ዳር የገዛሁት ዘፋኙን ጀሪካን ውስጥ ከትቶ የሚያዘፍን ነበር። ሁለተኛው ገመድ የሌለው ነው፤ አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ሄጄ ጎንበስ ስል አንደኛው ከጆሮዬ ወደቀ፣ እዚያው የዓሣ አንጀት የምትጠብቅ አባ ኮዳ አንስታ ዋጠችው። ስልኬ እስክርቅ ድረስ “ተገናኝቷል” ይል ነበር። ወፊቱ የሰማችውን ሙዚቃ እንደወደደችው ተስፋ አደርጋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው በመሃል ከተማ የሶሊያና ሱቅ ደንበኛ የሆንኩት። ሶሊያና የስልክና የድምፅ ዕቃ ነጋዴ ናት፣ ትዕግሥቷ ለእርስዎም ቢተርፍ የምመኘው ነው። ተመሳሳይ ዘፈን ይዤ እየተመላለስኩ ሁሉንም ሞከርኩ። አንዱ ቤዙ በዝቶ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጥኩ አስመሰለኝ፤ ሌላው ዘፋኟ “ሰ” ባለች ቁጥር ምላጭ ሆነብኝ፤ ሦስተኛው መልካም ሆኖ ሳለ ጆሮዬን አቆሰለው። አንድ ቀን ሶሊያና ባንኮኒዋ ላይ ተደግፋ፣ “ጋሼ፣ ሚስት ሲመርጡም እንዲህ ነበሩ?” አለችኝ። ሚስቴን ሳገባ ይህን ያህል አልተጨነቅሁም፤ ሚስቴም ይህን ታውቃለች።

በመጨረሻ የመረጥኩት ገመዱ ከጆሮ ጀርባ ዞሮ የሚወርድ፣ ጫፉ ላይ ለየጆሮው ልክ ጎማ የሚቀየርለት ነው። ቀኝ ጆሮዬ ከግራው የጠበበ መሆኑን በዚያን ጊዜ አወቅሁ፤ ለቀኙ ትንሹን፣ ለግራው መካከለኛውን አደረግሁ። ጎማው በልኩ ሲገባ ዓለም በሩን ዘጋ። ለዓመታት የማውቀውን ዘፈን ስከፍተው የቤዝ ተጫዋቹ ጣት ክሩ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ሰማሁ። ሱቁ ውስጥ እንደ ሞኝ ቆሜ ፈገግ አልኩ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ደብዳቤውን ባለቤቴም ታነበዋለች።

፫. ከኤርፎን ጋር መኖር ምን እንደሚመስል ስላሳዩኝም አመሰግናለሁ። ጆሮ ሲደፈን ሰው የራሱን ገላ መስማት ይጀምራል። ቆሎ ስቆረጥም ድንጋይ መፍጫ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል፤ ደረጃ ስወጣ ተረከዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ይረግጣል። ተማሪዎቼ ገመዱን አይተው፣ “ቲቸር፣ ጆሮዎን አሞዎት ነው?” ይሉኛል፤ አንዷማ ምሕረት እንዲመጣልኝ እንደምትጸልይ ነግራኛለች። ባለቤቴ ረጅም ወቀሳዋን ጨርሳ መልስ ስትጠብቅ ነው ገመዱን የምታየው፣ እንደገናም ከመጀመሪያው ትጀምራለች። መንገድ ስሻገር አንዱን አውጥቼ ነው፤ የሐዋሳ ባጃጅ ሙዚቃ አያከብርም።

፬. ስለ ፍርድዎ። እዚህ ላይ ትንሽ ቀልዴን ላስቀምጥ።

አቶ ተክሌ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበር። ማታ ማታ አጥሩን ተደግፈን ስለ ኳስ የምንጣላ፣ በማግስቱ ማን እንደተሸነፈ የምንረሳ ሰዎች ነበርን። ታሞ መክረሙን አውቃለሁ፤ ዋዜማውን ገብቼ ጠይቄው፣ “ነገ ና፣ ያልጨረስነው አለ” ብሎኛል። በማግስቱ ቅዳሜ ነው፤ ባለቤቴ እህቷን ልትጠይቅ ይርጋለም ሄዳለች፤ ሞንታርቦው ሶፋውን ጀመረ፤ እኔም እንደ ልማዴ ጆሮዬን ደፍኜ፣ ጓሮ ካለችው ክፍል ገብቼ ወረቀቴ ላይ ተደፋሁ። ረፋዱ ላይ ያው ሞንታርቦ በሁለት ሶፋዎች መካከል የተክሌን ሞት ተናገረ አሉ። ከሰዓት በኋላ ውኃ ልጠጣ ኤርፎኑን አውጥቼ ወደ ደጅ ስወጣ፣ ሰው ከቀብር ተመልሶ እጁን ይታጠብ ነበር። እኔ በነጠላ ጫማ ቆሜያለሁ። ሬሳውን አልተሸከምኩም። አፈር አላለበስኩትም።

በመጀመሪያው ስብሰባ አቆሙኝ፣ እውነቱን ተናገርኩ፤ አልሰማሁም አልኩ። እርስዎም ጣትዎን ቀስረው የሰጡትን መልስ ሰፈሩ በቃሉ ይዞታል፦ “አልሰማሁም ምክንያት አይሆንም! ሞንታርቦው የተገዛው ማንም አልሰማሁም እንዳይል ነው!” ስሜ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረቡ። ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊትም ኤርፎኑ በማስረጃነት ይቅረብ አሉ።

ባለፈው እሑድ አቀረብኩት። አገላብጠው አዩትና፣ “ይቺ ባቄላ ናት የእኔን ሞንታርቦ የምትችለው?” ብለው ሰዉን አሳቁ። ራስዎ ሊፈትኑት ጆሮዎ ውስጥ ከተቱት፤ የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ፣ ገመዱን አገጭዎ ላይ። “ምንም አይሰማም፣ ዋሽቷል!” አሉ። እኔ ደግሞ ነገር በትክክል ካልተሠራ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝና ጠጋ ብዬ ቀኝና ግራውን አስተካከልኩ፣ ጆሮዎን ወደ ላይ ሳብ አድርጌ ጎማውን በልኩ አስገባሁ፣ ዘፈኑን ከፈትኩ።

ክቡር ሆይ፣ ፊትዎን ባዩት። ዓይንዎን ጨፈኑ። ጸሐፊያችን ወይዘሮ ሶፍያ፣ “አቶ ሕዝቅያስ፣ እንቀጥል?” አሉ። “ጋሼ ሕዝቅያስ!” አሉ ጮኽ ብለው። “ኧረ ሰውየው ሄዱ እንዴ?” ሲሉ ከኋላ አንዱ፣ “ተይ አትቀስቅሻቸው! እንዲህ ያለ ዕድል መቼ እናገኛለን?” አለ። ቀጥሎ የተባለውን እነሆ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

ወይዘሮ ሶፍያ ሲናገሩ፣ ማይኩን ከንፈርዎ ላይ ስለሚለጥፉት ሞንታርቦው ሲለፍፍ ማን እንደሞተ ለይቶ የሰማ ሰው የለም፤ ድንኳን ከደረስን በኋላ ነው በሹክሹክታ የምንጠያየቀው አሉ። አንድ አባል እንዲያውም ባለፈው ማን እንደሞተ ሳያውቅ አልቅሶ፣ ንፍሮ በልቶ መመለሱን ተናዘዘ። ጎኑ የተቀመጠው፣ “ለማን አለቀስክ ታዲያ?” ቢለው፣ “ለራሴ፤ ቤቴ ሶፋው አጠገብ ነው” አለ። አቶ ሙባረክ ያሉት አጭር ነው፦ “የበኃይሉን በር ብመታ ይከፍት ነበር።”

ከዚያ ወይዘሮ ካሰች፣ የተክሌ ባለቤት፣ ጥቁር ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ።

“ጋሽ በኃይሉን ተዉት” አሉ። “እኔስ አጠገቡ ተቀምጬ መች ሰማሁ? ተክሌ ሊነጋ ሲል አፉን አንቀሳቀሰ። ጎንበስ አልኩለት። ያ ነገራችሁ ጮኸ። ‘ምን አልከኝ?’ አልኩት። ደገመልኝ። ያ ነገራችሁም ደግሞ ጮኸ። ከዚያ ዝም አለኝ። ምን እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሶፋውን ስልክ ቁጥር ግን በቃሌ ይዤዋለሁ።”

በዚያ ሰዓት እርስዎ ራስዎን በዝግታ ይነቀንቁ ነበር።

ወይዘሮ ሶፍያ እንባቸውን ጠርገው፣ ሞንታርቦው ከእንግዲህ ለምንም ነገር እንዳይከፈት፣ ሞትም እንደ ድሮው በአቶ ሙባረክ በኩል በየበሩ እንዲነገር የሚደግፍ እጁን ያንሣ አሉ። ሁሉም አነሣ። ልክ በዚያች ቅጽበት ዘፈኑ ውስጥ መለከቱ ገባ፤ እርስዎም ከመለከቱ ጋር እጅዎን ወደ ላይ አነሡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የእኔ ጉዳይ ግን ዘፈኑ ስላለቀ ለመጪው እሑድ ተላለፈ። ፈገግ ብለው ዓይንዎን ገልጠው፣ “ይቅርታ፣ ምን ላይ ነበርን?” ሲሉ ሰው ሁሉ ጫማውን ያይ ነበር።

በማግስቱ ሰኞ፣ በዚያው በሞንታርቦ፣ ዳኛው ያልሰሙት ውሳኔ ውሳኔ ስላልሆነ ተሽሯል ብለው አስነገሩ። ሶፋውም ቀጠለ።

እኔ የቁጥር መምህር ነኝ፤ የራሴን ጉዳይም እንደዚያው አስቀምጠዋለሁ። አልሰማሁም ማለት ምክንያት ከሆነ፣ ውሳኔው ይሻር፣ እኔም በእድሩ ልቆይ። ምክንያት ካልሆነ፣ እኔ ልሰረዝ፣ ውሳኔው ግን ይጽና። ለእኔ የማይሆን፣ ለእርስዎ ብቻ የሚሆን ሦስተኛ መልስ ብፈልግ አላገኘሁም።

ምርጫው እንዳይከብድዎትም እኔው ልምረጥልዎ፦ ይሰርዙኝ። እሑድ በፊርማዬ እስማማለሁ፤ ይግባኝም አልልም። በምትኩ ሞንታርቦው ዝም ይበል። ነገ ከመካከላችን ማን በማን አፍ ላይ ጎንበስ እንደሚል አናውቅም፤ ጎንበስ የሚለው ሰው የሚባለውን ይስማ። እኔን ማን ይቀብረዋል ብለው አይጨነቁ፤ በር አንኳኩቶ የሚናገር ሰው ካለ ሰው ይመጣል።

ወደ ወይዘሮ ካሰች ቤት ሄጃለሁ። መቀመጫ ሰጡኝ፣ ስለ ተክሌ አወራን፣ ወንበሩ ላይ እርስዎን ግን እስካሁን አላየሁም። በሩ ክፍት ነው፤ ማይክ አያስፈልገውም።

ለሰፈራችን ስላሰሙት ሁሉ፣ ስላልሰሙትም ሁሉ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ጸጥ ያለ ማለዳ የምመኝ፣

በኃይሉ ወልደሰንበት
እስከ እሑድ ድረስ የእድሩ አባል

ማስታወሻ፦ ማስረጃ ነው ብለው ከስብሰባው በኋላ በኮትዎ ኪስ ይዘውት የሄዱትን ኤርፎን በተመለከተ፣ ይመልሱልኝ አልልም። ዛሬ ማለዳ “ኤል ሼፕ” ሲጀመር ጎማውን በልኩ አስገብተው፣ ቀኝና ግራውንም ሳያሳስቱ፣ በረንዳዎ ላይ ዓይንዎን ጨፍነው ተቀምጠው አይቻለሁ። በአያያዝዎ ኮርቻለሁ። በዚህ ሰፈር የእርስዎን ሞንታርቦ ሳይሰሙ የሚያነጉት አሁን እርስዎ ብቻ ነዎት።