የእድሩ ቁጥር አርባ ሰባት

ሆሳዕና፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽ እህቴ፣

ይህ ወረቀት አዲሎ፣ በእህትሽ ቤት፣ በጤና ያግኝሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? በብርድ የሚያምሽ ግራው ነበር፤ የአዲሎ ሙቀት ሳያሻልሽ አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። እህትሽስ ደህና ናት? እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ግቢሽን ሶስና በየሳምንቱ እየሄደች ታየዋለች። እንሰቱን የነካው የለም፤ የአጥሩን በር ብቻ ነፋስ ስለጣለው ቅዳሜ ዕለት ሁለት ማጠፊያ ገዝቼ ራሴ መትቼዋለሁ።

በባልሽ በታዴዎስ ስልክ ስደውልልሽ እንደማታነሺ ካወቅሁ ሁለት ወር ሆነኝ። አልተቀየምኩም፤ እኔም አንቺን ብሆን አላነሳም ነበር። በእድሩ ማኅተም የተመታችው ያቺ ወረቀት ምን እንደምትል በቃሌ ይዣታለሁ። «ከሦስት ቀብር ያለ ምክንያት ስለቀሩ ከአባልነት ታግደዋል» ትላለች። ባልሽን ከቀበርሽ አምስት ወር ሳይሞላ በርሽ ላይ የመጣችው እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ ነው የምጽፈው። ረጅም ስለሚሆን ታገሺኝ፤ ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይሆንልኝም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከተማው ሰፍቶ ጡሩምባው ሁሉም ቤት አልደርስ ሲል፣ በኢንተርኔት ከሚሠራ የውጭ ድርጅት ጋር መዋዋላችንን ታስታውሻለሽ። በየወሩ ይከፈለዋል። ጸሐፊው እኔ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ቅጹ ላይ እሞላለሁ፤ እሱ ለአባላቱ ስልክ መልእክት ይልካል። ከቀብር መልስ የቀሩትን እመዘግባለሁ፤ እሱ ይቆጥራል። ሦስት ሲሞላ የእግድ ደብዳቤውን ራሱ አዘጋጅቶ ለሰብሳቢያችን ለአቶ ብዙነህ ይልካል፤ እሳቸው አትመው ማኅተም ያሳርፉበታል። ታዴዎስ ያን ጊዜ «ጸሐፊነትህን ለፈረንጅ አከራየኸው!» ብሎ አንድ ሳምንት ሲስቅብኝ ከረመ።

ደብዳቤሽ መውጣቱን የሰማሁት አንቺ ወደ አዲሎ ከሄድሽ በኋላ ነው። በጣም ገረመኝ። ሠላሳ ዓመት ከለቅሶ ቤት ቀርታ የማታውቅ ሴት እንዴት ሦስት ቀብር ትቀራለች? ያውም አንደኛው የጀሚል እናት የወይዘሮ ሀዋ፣ ታዴዎስን ስታስታምሚ አጠገብሽ ያደሩት ሴት! አገልግሎቱን ከፍቼ ጠየቅሁት። «ተልኳል፤ መቶ በመቶ» አለኝ። ለድርጅቱ ጻፍኩ። በአንድ ደቂቃ መልስ መጣ። ጥያቄዎ ደርሶናል ይላል። ደስ ብሎኝ ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን የመጣው ደግሞ ከአንድ ወር ያለፈውን መዝገብ ማየት የሚቻለው ከፍ ያለውን ክፍያ ለሚከፍሉ ብቻ ነው የሚል ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር መልሱን ብቻ አይቼ ማርክ ሰጥቼ አላውቅም። አሠራሩን አሳየኝ እላለሁ። ይኸኛው አላሳይም አለኝ።

ሶስናን ታውቂያታለሽ፤ ተማሪዬ ነበረች፣ አሁን ጤና ቢሮ መረጃ ክፍል ትሠራለች። ስነግራት «ቲቸር፣ ሌላ ዓይነት አለ እኮ። በነፃ የሚወሰድ፣ እርስዎ ቤት፣ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን። እያንዳንዱ ትእዛዝ ፊትዎ ተዘርግቶ ያዩታል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የወሰደኝ አይምሰልሽ።

ኮሚቴው ላይ አቀረብኩት። አቶ ብዙነህ ሳቁ። «መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተርህን ተሸክመህ ልትሮጥ ነው? የውጭዎቹ መብራት አይጠፋባቸውም። ቢበላሽስ ማንን ልንወቅስ ነው?» አሉ። ጀሚል ደግሞ በሹፌር ቋንቋ ገባበት። «ጋሼ፣ የራስ መኪና ማለት እኮ ከሥሯ መተኛት ነው። የኮንትራት ስትይዝ አርፈህ ትቀመጣለህ፤ የራስህ ከሆነች ዘይቷ ፊትህ ላይ ይንጠባጠባል። ልብስህን ለውጠህ ግባበት።» ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ለአንድ ወር ሙከራ ፈቀዱልኝ።

ልጄ ትቶት የሄደውን ኮምፒውተር አጸዳን። ለመብራቱ ባትሪ፣ ለመላኪያው አንድ አሮጌ ስልክ ከነሲም ካርዱ አገናኘን። እህቴ፣ ባየሽው እንዴት ደስ ይልሽ ነበር! ሥራው ሁሉ በትናንሽ ሳጥኖች የተከፈለ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መስመር ይሄዳል። ይህ ከሆነ ወደዚህ፣ ካልሆነ ወደዚያ። ስድስተኛ ክፍል በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምስለው ነገር ነው፤ ልዩነቱ ይኸኛው ይራመዳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በካሬ ወረቀት ላይ እየሣልኩ አንድ በአንድ አስገባሁት። ሶስና «ኮፒ አድርገው ይለጥፉት እንጂ» ብትለኝም እምቢ አልኳት።

ስህተት አልሠራሁም አልልሽም። የመጀመሪያውን ሙከራ ለአቶ ብዙነህ ብቻ በላክሁ ጊዜ፣ የሟች ስም በሚለው ቦታ የተቀባዩን ስም አስገብቼ ኖሯል። ደወሉልኝ። «ጸሐፊ፣ ነገ በዘጠኝ ሰዓት እንደምቀበር ጽፈህልኛል። አዲስ አበባ ጉዳይ ስላለኝ ብቀር ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ይቆጠርብኛል?» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ አስተካከልኩ።

ከዚያ የስልክ ዝርዝሩን ወደ አዲሱ ማዛወር ነበር። እንደ ልማዴ ሁለቱን መዝገቦች አስተያየሁ። የቀሪ መቆጣጠሪያው ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አባል አለ። የስልክ ዝርዝሩ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አንድ። ዳግመኛ ቆጠርኩ። የጎደለው ቁጥር አርባ ሰባት ነው። የእናንተ ቤት።

እንዲህ ነው የሆነው። የእድራችን መዝገብ በአባወራ ስም መሆኑን ታውቂያለሽ። የውጭው አገልግሎት ስም ሲበዛ ዋጋ ስለሚጨምር፣ እኔም ለአንድ ቤት አንድ ስልክ፣ የባልየውን፣ ብቻ አስገባሁ። በወረቀቱ ዘመን አባወራ ሲሞት በስሙ ላይ አንድ መስመር አሰምርና በዚያው ረድፍ፣ ከሥሩ፣ የሚስቱን ስም በቀይ እጽፋለሁ። ይህን የማደርገው ሁልጊዜ ከአርባው በኋላ ነው፤ ከአርባው በፊት ለማንም ነክቼ አላውቅም። የታዴዎስን ግን በሦስተኛው ቀን ከፍቼ፣ ሰርዝ የሚለውን ተጫንኩ። ረድፉ ጠፋ። ቀይ የሚጻፍበት ቦታ አልቀረም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ቤትሽ የሚደርስ መልእክት የለም፤ በሌላኛው መዝገብ ግን ቁጥር አርባ ሰባት እንዳለ ነው፤ እኔም በየቀብሩ «ቀሪ» እያልኩ እሞላው ነበር። ሐዘኗ ጠንቶባት ነው እያልኩ፤ ቆጠራውን ለማሽኑ ስለተውኩ ሦስት መሙላቱን አላስተዋልኩም። ቤትሽ ድረስ መጥቼ አልጠየቅሁም። ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው።

ለምን በሦስተኛው ቀን? ራሴን ጠይቄዋለሁ። ዝርዝሩ ሲከፈት በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚታየው ስሙ ነበር፤ በየጠዋቱ። ከዚህ የበለጠ ምክንያት አላገኘሁም።

እውነቱን ለጠቅላላ ጉባኤው ልናገር ስነሣ አቶ ብዙነህ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ማሽኑ ነው በልና ተገላገል፤ ማን ያውቅብሃል?» አሉኝ። ለኔ አዝነው ነው። ማሽኑማ የታዘዘውን አንድ ሳያጎድል ፈጽሟል። ቆሜ፣ የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ የመዘገብኩባትም እኔ ነኝ አልኩ። ከኋላ ጀሚል ተነሣ። «እናቴ ስትቀበር እሷን በዓይኔ ስፈልግ ነበር» አለ። «ስድስት ወር ተቀይሜያት ኖሬያለሁ፤ ለካ ሳትሰማ ነው። ደብዳቤ ካለ እኔ ነኝ የማደርሰው፤ ማንም አይንካው።» ቀብሩ ከተፈጸመ አራት ወር ነው፤ ግን አላረምኩትም። ስለዚህ ይህን የሚሰጥሽ እሱ ራሱ ነው። ቡና አጠጪው፤ ከመናኸሪያ ሳይቀምስ ነው የሚወጣው።

እግዱ በሙሉ ድምፅ ተነሥቷል። የውጭውን ውልም አልቀጠልነውም። እኔ ከጸሐፊነት ልውረድ ብዬ ነበር፤ አቶ ብዙነህ «ያበላሸኸውን ሳትጨርስ የት ልትሄድ?» ብለው አስቀሩኝ።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። በአዲሱ መዝገብ ቁጥር አርባ ሰባት ላይ ያንቺን ስም ጽፌያለሁ፤ በአንቺ በራስሽ ስም። የሌሎቹንም ሚስቶች ስልክ ጨምሬያለሁ። የአንቺ የስልክ ቦታ ግን ባዶ ነው፤ የታዴዎስን ቁጥር እዚያ መልሼ ለመጻፍ ያለ አንቺ ፈቃድ አልደፈርኩም። ማሽኑ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ዘልሎ እንዲሄድ ማዘዝ ይቻላል፤ ሶስና አሳይታኛለች፣ አንዲት ሳጥን ናት። አላስገባኋትም። እናም ባዶ ሲያገኝ ይቆማል፤ ለማንም ሳይልክ።

ባለፈው ማክሰኞ የሶስና አያት ዐረፉ። እኔና ሶስና ሰፈሩን ለሁለት ተካፍለን በየቤቱ እየዞርን ነገርን። እኔ አንድ መቶ ስድስት በር አንኳኳሁ። ከብዙዎቹ ጋር ካወራሁ ዓመታት አልፈው ነበር። ሰው ሁሉ ስለ አንቺ ይጠይቃል፤ ምን ብዬ እንደምመልስ ግን አላውቅም።

የምትፈልጊውን ቁጥር፣ የታዴዎስን ወይም አዲስ፣ በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፈሽ ለጀሚል ስጪው። ካልፈለግሽም ባዶውን መልሽው፤ ይገባኛል። አትቸኩዪ። እግሬ ደህና ነው፤ በየበሩ መዞር እችላለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ የታዴዎስን ነፍስ ያሳርፍልን፣ አንቺንም በሰላም ወደ ደጅሽ ይመልስሽ።

የባልሽ ጓደኛ፣
ያንቺም